በፋርስ አገር በጥንታዊ የእንግዳ ማረፊያ ቤት ለሚያድር መንገደኛ የሚጠቅም ምክር



ሰው ወደ ሩቅ አገር ሲሄድ ስንቁንና ልብሱን ያዘጋጃል፤ የሚያድርበትን ቤት ጠባይ አስቀድሞ የሚያጠና ግን ጥቂት ነው። ሆቴል በየትም አገር ቢሆን እርስ በርሱ ስለሚመሳሰል፥ በሆቴል ለሚያድር መንገደኛ ይህ ጥናት ብዙ ላያስፈልገው ይችላል። በኢራን ግን፥ ይልቁንም በበረሃው ዳር ባሉት በያዝድና በካሻን ከተሞች፥ መንገደኛው ብዙ ጊዜ የሚያድረው ባለጸጋ ነጋዴዎች ከነቤተ ሰባቸው ይኖሩባቸው በነበሩ አሮጌ ቤቶች ውስጥ ነው። እነዚህ ቤቶች የተሠሩት ለኪራይ ሳይሆን ለቤተ ሰብ ኑሮ ስለሆነ፥ ሕጋቸው በወረቀት ተጽፎ በበር ላይ አልተለጠፈም፤ በግንቡ፥ በበሩና በግቢው አሠራር ውስጥ ተሰውሮ ይገኛል። የዚህ ጽሑፍ ዋና አሳብም ይኸው ነው፤ ቤቱ ለምን እንዲህ ሆኖ እንደ ተሠራ ያወቀ እንግዳ፥ በውስጡ እንዴት መኖር እንደሚገባው ከቤቱ ከራሱ ይማራል።

ፋርስ የሚለው ስም በታሪክ ትምህርታችን የታወቀ ነው። መንግሥቷ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1935 ዓ.ም. የውጭ መንግሥታት ሁሉ «ኢራን» ብለው እንዲጠሯት ጠየቀ፤ ስለዚህ ከዚህ በታች ኢራን የምንላት ይህችው ጥንታዊት ፋርስ ናት።

1ኛ/ ከመነሣት በፊት

መንገደኛ ከሁሉ አስቀድሞ የአገሩን ሰላም መጠየቅ አለበት። እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ2025 ዓ.ም. በሰኔ ወር በእስራኤልና በኢራን መካከል 12 ቀን የፈጀ ጦርነት ተደርጎ፥ የአውሮፕላን መንገድ በድንገት ተዘግቶ ነበር። ስለዚህ የውጭ ጉዳይ ሚኒስቴርን ምክር ሳይጠይቁ የጉዞ ትኬት መግዛት አይገባም። ደግሞም የእስራኤል ፓስፖርት የያዘ ሰው ወደ ኢራን አይገባም፤ በፓስፖርቱ ላይ የእስራኤል ማኅተም ያለበትም ከድንበር ሊመለስ ይችላል። ዘመድ ሊጠይቅ ወይም ኢየሩሳሌምን ሊሳለም ሄዶ የነበረ ኢትዮጵያዊ ይህን ማሰብ ይገባዋል።

ሁለተኛው ነገር ገንዘብ ነው። የአገሪቱ ባንኮች በማዕቀብ ምክንያት ከዓለም የክፍያ መሥመር ስለ ተለዩ፥ በሌላ አገር የሚሠራው ቪዛም ሆነ ማስተርካርድ በዚያ አይሠራም። መንገደኛው ለጠቅላላው ጉዞ የሚበቃውን ዶላር ወይም ዩሮ በእጁ ይዞ መሄድ አለበት። የወረቀቱ ገንዘብ የታተመው በሪያል ሲሆን፥ ሕዝቡ ግን በቃል የሚቈጥረው በቶማን ነው፤ በልማድ አንድ ቶማን ማለት 10 ሪያል ነው። እንግዲህ «በቶማን ነው ወይስ በሪያል?» ብሎ ያልጠየቀ ሰው በአሥር እጥፍ ሊሳሳት ይችላል። የማደሪያውን ዋጋ፥ ቍርስ በዚያ ውስጥ መኖር አለመኖሩንም ጭምር፥ ከመግባት በፊት መነጋገር መልካም ነው፤ «ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቈስ» የሚለው የአገራችን ተረት ለዚህ ይስማማል።

ሦስተኛው ወራቱን መምረጥ ነው። በያዝድ በበጋ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያልፋል፤ በክረምት ደግሞ ሌሊቱ ከዜሮ በታች የሚወርድበት ጊዜ አለ። በዚህ ላይ የእነርሱ በጋ የእኛ ክረምት በሚሆንበት ወራት መሆኑን አለመርሳት ነው። የሚሻለው ጊዜ ሙቀቱ የሚበርድበት የመከር ወራት፥ ወይም በእኛ አቈጣጠር ሚያዝያ ነው። የኢራን አዲስ ዓመት፥ ኖውሩዝ የሚባለው፥ መጋቢት 11 ወይም 12 ቀን ይውላል፤ በዓሉም እስከ 13ኛው ቀን ስለሚቈይ፥ በዚያን ጊዜ የአገሩ ሰው ሁሉ ዘመድ ጥየቃና ሽርሽር ይወጣል፤ የእንግዳ ቤቶችም አስቀድመው ይሞላሉ።

2ኛ/ ቤቱ እንዴትና ለምን እንደ ተሠራ

በአዲስ አበባ በዓመት ከ1,000 ሚሊ ሜትር በላይ ዝናም ሲዘንም፥ በያዝድ በዓመት የሚዘንመው 60 ሚሊ ሜትር ያህል ቢሆን ነው። ዛፍ በሌለበት አገር እንጨት ውድ ስለሆነ፥ ቤቱ የሚሠራው በፀሐይ ከደረቀ የጭቃ ጡብ ነው፤ ግድግዳውና ጣራውም የሚመረገው፥ በአገራችን ገጠር እንደሚደረገው ሁሉ፥ ከጭድ ጋር በተቦካ ጭቃ ነው። ግድግዳው እጅግ ወፍራም ስለሆነ የቀኑ ሙቀት ቶሎ አያልፈውም።

ከጣራው በላይ «ባድጊር» የሚባል ግንብ ቆሞ ይታያል፤ ትርጓሜው «ነፋስ ያዥ» ማለት ነው። ከፍ ብሎ የሚነፍሰውን ነፋስ በአፉ ተቀብሎ በጕድጓዱ ወደ ቤት ያወርዳል፤ የጋለውም አየር በሌላው ወገን ባለው ቀዳዳ ወደ ላይ ይወጣል። ነፋሱ ከታች በውሃ ገንዳ ላይ ሲያልፍ ውሃው እየተነነ አየሩን ያቀዘቅዘዋል። በያዝድ በዶውላታባድ የአትክልት ቦታ የሚገኘው ባድጊር ቁመቱ 33 ሜትር ያህል ይሆናል። ከቤቱ በታች ደግሞ «ሳርዳብ» የሚባል ምድር ቤት አለ፤ የቀን ሐሩር ሲበረታ ቤተ ሰቡ ወደዚያ ወርዶ ያርፍ ነበር።

ውሃው የሚመጣው «ቃናት» በሚባል የመሬት ውስጥ ቦይ ነበር። ከተራራ ሥር የሚገኘውን የከርሰ ምድር ውሃ፥ ያለ አንዳች ሞተር፥ በቀስታ በሚያዘቀዝቅ ዋሻ እየመሩ ወደ ከተማው ያደርሱታል። ዛርች የሚባለው የያዝድ ቃናት ርዝመቱ ከ70 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ዩኔስኮ የፋርስን ቃናት እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ2016 ዓ.ም.፥ የያዝድን ጥንታዊ ከተማ በ2017 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት መዝግቧቸዋል።

ከዚህ ሁሉ መንገደኛው ሁለት ምክር ያገኛል። አንደኛ፥ ክፍል ሲመርጥ ወራቱን ይመልከት። የጥንት ቤት የበጋና የክረምት ወገን አለው፤ በግቢው ደቡብ በኩል ሆኖ ፊቱን ወደ ሰሜን ያዞረው ጥላ ስለሚሆን ለበጋ፥ በሰሜን በኩል ሆኖ ፊቱን ወደ ደቡብ ያዞረው ፀሐይ ስለሚያገኝ ለክረምት ይስማማል። እንግዳው ይህን አውቆ ቢጠይቅ ያለ ተጨማሪ ዋጋ የተሻለ ማደሪያ ያገኛል። ሁለተኛ፥ ውሃ ይቈጥብ። ዛሬ ውሃ በቧንቧ ቢመጣም አገሩ ያው በረሃ ነው፤ ገላውን ሲታጠብ ውሃውን ከፍቶ የሚዘፍን እንግዳ የሰውን ድካም በከንቱ ያፈስሳል። የጭቃውንም ግድግዳ በውሃ ከመርጨትና ምስማር ከመምታት ይጠንቀቅ።

3ኛ/ ስለ በሩና ስለ መግቢያው

በአንዳንድ አሮጌ በሮች ላይ ሁለት መምቻ ይገኛል። አንዱ ከባድ ዘንግ ሲሆን ድምፁ ወፍራም ነው፤ ሁለተኛው ቀለበት ሲሆን ድምፁ ቀጭን ነው። የመጣው ወንድ እንደሆነ በዘንጉ፥ ሴት እንደሆነች በቀለበቱ ትመታ ነበር፤ በቤት ውስጥ ያሉትም ድምፁን ሰምተው ማን ሊከፍት እንደሚገባ ያውቁ ነበር። ከበሩ አልፎ «ሃሽቲ» የሚባል፥ ብዙ ጊዜ ስምንት ማዕዘን ያለው የመቆያ ክፍል አለ፤ ከዚያም ወደ ግቢ የሚያስገባው መተላለፊያ ቀጥ ያለ ሳይሆን የተጠመዘዘ ነው። ይህም የሆነው በሩ ቢከፈት እንኳ መንገድ አላፊ የቤተ ሰቡን ኑሮ እንዳያይ ነው።

ጥንት ቤቱ «ቢሩኒ» ማለት የውጭኛው፥ «አንዳሩኒ» ማለት የውስጠኛው ተብሎ ይከፈል ነበር። እንግዳ በውጭኛው ይስተናገዳል፤ ውስጠኛው ግን የሴቶችና የልጆች መኖሪያ ነበር። ወንድ ዘመድ እንኳ ሲገባ «ያ አላህ» እያለ ድምፁን ያሰማል፤ ይህም መምጣቱን ለማስታወቅ ነው።

ዛሬ በበሩ ላይ ደወል ሊኖር ይችላል፤ ትምህርቱ ግን አልተለወጠም። እንግዳው በሃሽቲው ቆሞ ይጠብቅ፤ ሲጠሩት ይግባ፤ የተዘጋ በር ወይም የተጋረደ መጋረጃ አይክፈት፤ ብዙ ባለቤቶች ከቤቱ በአንዱ ክፍል ውስጥ ይኖራሉና። የክፍሎቹ በር ዝቅ ያለ ስለሆነ ራሱን ዝቅ አድርጎ ይለፍ። ምንጣፍ ያለበትን ክፍል ከመርገጡ በፊት ጫማውን ያውልቅ። ወንድ እንግዳ ሴቲቱ አስቀድማ ካልዘረጋች በቀር እጁን ለሰላምታ አይዘርጋ፤ ቀኝ እጁን በደረቱ ላይ አድርጎ ጎንበስ ቢል ይበቃል።

4ኛ/ ስለ ግቢውና ስለ ጣራው

የክፍሎቹ መስኮቶችና በሮች ሁሉ ወደ ግቢው እንጂ ወደ መንገድ አይመለከቱም። በግቢው መካከል «ሖውዝ» የሚባል የውሃ ገንዳ፥ በዙሪያውም የሮማንና የመሳሰለው ተክል ይገኛል። ይህ አሠራር ለዓይን እጅግ ደስ ያሰኛል፤ ነገር ግን በአንዱ ጥግ የተነገረ ቃል በአራቱም ወገን ይሰማል። ስለዚህ ሌሊት በግቢ ውስጥ በስልክ መጮኽና በረኝነት በር መዝጋት ጎረቤትን ሁሉ መቀስቀስ ነው። መብራት ያበራ ሰው መጋረጃውን ካልሳበ በግቢው ላሉት ሁሉ ይታያል። ገንዳው ዙሪያውን አጥር ስለሌለው ሕፃን ልጅ ያላት እናት ዓይኗን ከልጇ አታንሣ፤ በጨለማም የሚወጣ ሰው መብራት ይያዝ፤ የምድር ቤቱ ደረጃ ጠባብና ቀጥ ያለ ነውና።

የአገሪቱ ሕግ ሴት ሁሉ በሰው ፊት ጠጕሯን እንድትሸፍን ያዝዛል። ይህ ሕግ በአገሩ ሰዎች መካከል ብዙ ክርክር ያስነሣ ሲሆን፥ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ2022 ዓ.ም. ታላቅ የተቃውሞ ሰልፍ የተደረገበትም ነው፤ የውጭ አገር እንግዳም ከሕጉ ነፃ አይደለችም። እንግዳይቱ በክፍሏ ውስጥ እንደ ወደደች ትሆናለች፤ ግቢው ግን የሁሉ ስለሆነ ሻሿን ከበሩ አጠገብ ብታኖር ይሻላታል። አልኮል መጠጥም በሕግ የተከለከለ ነው።

ስለ ጣራው የሚነገረው ነገር ከሁሉ ይበልጥ ሊታሰብ ይገባል። በያዝድ ብዙ የእንግዳ ቤቶች በማታ እንግዶቻቸውን ወደ ጣራ አውጥተው ሻይ ያጠጣሉ፤ ከዚያ ላይ ሆኖ የባድጊሮቹን ሰልፍ ማየት እጅግ ያስደንቃል። ሆኖም ቤቶቹ ተያይዘው የተሠሩ ስለሆኑ፥ ከአንዱ ጣራ ወደ ሌላው ግቢ ቁልቁል ማየት ይቻላል። ከላይ እንደ ገለጽሁት ሁለቱ መምቻ፥ የተጠመዘዘው መተላለፊያና ወደ ውስጥ የዞሩት መስኮቶች ሁሉ የተሠሩት የጎረቤት ዓይን እንዳይገባ ነው። እንግዲህ በጣራ ላይ ቆሞ የሰውን ግቢ የሚመለከት፥ ይልቁንም ፎቶግራፍ የሚያነሣ እንግዳ፥ በአንድ ጊዜ ይህን ሁሉ ድካም ያፈርሰዋል። ዓይኑን ወደ ሩቅ ተራራ ያንሣ። በጣራው ጉልላቶች መካከልም ሲሄድ ዳሩ ብዙ ጊዜ መከለያ ስለሌለው እርምጃውን ይጠብቅ።

5ኛ/ ስለ መኝታና ስለ መታጠቢያ

በብዙ ጥንታዊ ማረፊያ አልጋ የለም፤ ፍራሽ በምንጣፍ ላይ ተነጥፎ ጠዋት ይጠቀለላል። ጕልበቱን ወይም ወገቡን የሚያመው ሰው፥ ሽማግሌዎች ወላጆቻችን ለምሳሌ፥ ባለ አልጋ ክፍል መኖሩን አስቀድሞ ይጠይቅ። መጸዳጃው የመቀመጫ ሳይሆን የቁጢጥ ሊሆን ይችላል፤ በአንዳንዱም ቤት ከክፍሉ ውጭ በግቢው ማዶ ይገኛል። በመጸዳጃው በር የሚገኘው ነጠላ ጫማ ለዚያው ብቻ ነው፤ ይህን ተጫምቶ ወደ ምንጣፍ መውጣት እንደ ታላቅ ነውር ይቈጠራል።

በክረምት በአንዳንድ ቤት «ኮርሲ» የሚባል ነገር ይዘረጋል፤ ከዝቅተኛ ጠረጴዛ ሥር እሳት ይደረግና በላዩ ሰፊ ብርድ ልብስ ይለብሳል፤ ሰዎችም ዙሪያውን ተቀምጠው እግራቸውን ይሞቃሉ። በብዙ ስፍራ በፍሙ ፈንታ የኤሌክትሪክ ማሞቂያ ገብቷል። ነገር ግን በክፍሉ ውስጥ ፍም ወይም የጋዝ ማሞቂያ ካለ፥ ጢሱ የሚወጣበት ቱቦ ደኅና መሆኑን መጠየቅና መስኮቱን በጥቂቱ ከፍቶ መተኛት ይገባል። በአገራችን በተዘጋ ቤት የከሰል ጢስ ሰው እንደሚገድል ሁሉ፥ ሽታ የሌለው ይኸው መርዝ ከጋዝ ማሞቂያም ይወጣል።

6ኛ/ ስለ ማዕድ

ምግብ የሚቀርበው ብዙ ጊዜ «ሶፍሬ» በሚባል ጨርቅ ላይ፥ በምንጣፍ ተቀምጦ ነው። ሶፍሬውን መርገጥ ወይም መሻገር ነውር ነው፤ እግርንም ወደ ሰው መዘርጋት አይገባም። እንጀራ መሬት ሲወድቅ አንሥተን እንደምናከብረው፥ እነርሱም ዳቦን ያከብራሉ። ቍርሱ ስስ ዳቦ፥ ነጭ አይብ፥ ለውዝ መሰል ፍሬ፥ ማርማላታና ሻይ ነው። ሻዩ በሳማቫር የተፈላ ሲሆን፥ ስኳሩን በብርጭቆው ከማማሰል ይልቅ አንዱን ቍራጭ በጥርስ ይዞ ሻዩን በላዩ መጠጣት የአገሩ ልማድ ነው።

በጾም ወራት የሚሄድ ኢትዮጵያዊ ክርስቲያን «ሥጋ አልበላም» ማለት ብቻ አይበቃውም፤ ወተት፥ ቅቤና እንቍላልም እንደማይበላ ይናገር። «አሽ» የሚባለው የጥራጥሬና የቅጠል ሾርባ ጾም ቢመስልም፥ በላዩ «ካሽክ» የሚባል ከወተት የሚሠራ ነገር ይፈስበታል። «አዳስ ፖሎ» የሚባለው ሩዝና ምስር ግን ቢያዝዙት ያለ ሥጋና ያለ ቅቤ በዘይት ሊሠራ ይችላል። በረመዳን ደግሞ ቀን በአደባባይ መብላትና መጠጣት ስለሚከለከል፥ መንገደኛው ምሳውን በማረፊያ ቤቱ ውስጥ ይብላ።

7ኛ/ ታዓሮፍ ስለሚባለው ትሕትና

የኢራን ሰው ትሕትና «ታዓሮፍ» ይባላል። እንግዳው ዋጋውን ሊከፍል ሲል ባለቤቱ «ቃቤል ናዳሬ» ይለዋል፤ «ምንም የሚረባ አይደለም» ማለት ነው። ይህን እውነት መስሎት ገንዘቡን ወደ ኪሱ የሚመልስ እንግዳ ባለቤቱን ያሳዝናል፤ ሁለት ሦስት ጊዜ ደጋግሞ ማቅረብ ይገባዋል፤ ባለቤቱም በመጨረሻ ይቀበላል። እንዲሁም አንድ ዕቃ አይቶ ቢያደንቅ «ፒሽኬሽ» ማለት «ገጸ በረከት ይሁንልህ» ሊባል ይችላል፤ ይህም የአፍ ትሕትና ስለሆነ አመስግኖ ይተወው። ምግብ ሲቀርብለት በመጀመሪያው ቃል ዘሎ ከመቀበል አንድ ጊዜ ማመንታት ያስመሰግነዋል።

ይህ ነገር ለእኛ እንግዳ አይደለም። «በሞቴ አንድ ጉርሻ» እያልን እንግዳ ስንለምን፥ እንግዳውም «በቃኝ» ሲል፥ ሁለታችንም የቃሉን ክብደት እናውቀዋለን። ምግብ ላቀረበችለት ሴት «ዳስቴ ሾማ ዳርድ ናኮኔ» ይበል፤ «እጅሽን አይመምሽ» ማለት ሲሆን የእኛ «እጅሽ ይባረክ» ነው። በሥራ ላይ ላገኘው ሰው ደግሞ «ኻስቴ ናባሺድ» ይበል፤ «አይድከማችሁ» ማለት ነው።

መደምደሚያ

የጭቃ ቤት ሰው ሲኖርበት ይኖራል፤ ሰው ሲተወው ይሞታል። ጣራው በየጥቂት ዓመቱ ካልተመረገ ጥቂቱ ዝናም እንኳ ሰርጎ ይገባና ጉልላቱን ያፈርሰዋል። ባለፈው መቶ ዓመት ብዙ የኢራን ቤተ ሰቦች ወደ አዳዲስ ሰፈሮች ሲሄዱ አሮጌዎቹ ቤቶች ባዶ ቀርተው ነበር፤ ከእነርሱም ብዙዎቹ ፈርሰዋል። ካሻን ውስጥ እንደሚገኘው እንደ አሜሪሃ ቤት ያሉት ግን ታድሰው የእንግዳ ማረፊያ በመሆን ድነዋል። እንግዲህ መንገደኛው የሚከፍለው ገንዘብ የአንድ ሌሊት ዋጋ ብቻ አይደለም፤ የጣራው ጭቃና የሠራተኛው ደሞዝ ነው። በአንጻሩም ግድየለሽ እንግዳ የቤተ ሰቡን ክብር ሲደፍር ባለቤቱ በሩን ለመዝጋት ይገደዳል፤ በሩ የተዘጋ ቤት ደግሞ ተመልሶ ባዶ ይሆናል።

እኛም በሐረር ጀጎል ቅጥር ውስጥ፥ ዩኔስኮ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ2006 ዓ.ም. በመዘገበው ከተማ፥ እንግዳ የሚቀበሉ ጥንታዊ የአደሬ ቤቶች አሉን። ከእነርሱም አንዱ ዘንድ ስናድር መደቡ ለምን በደረጃ እንደ ተሠራ፥ ማን በየትኛው እንደሚቀመጥ ጠይቀን እንግባ። የሰውን ቤት አሠራር ጠይቆ የሚገባ እንግዳ፥ ቋንቋውን ባያውቅ እንኳ ባለቤቱን አክብሯልና፥ ሲወጣ «ተመልሰህ ና» ይባላል።